አርበኛ፣ ስደተኛ፣ ባንዳ፤ የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ሕይወትና የቁጭት ፖለቲካ

በጥር ወር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተክለሃይማኖት አደባባይ ላይ በስቅላት ከተቀጡት ሰዎች አንዱ፣ በጠላት ዘመን ለጣልያን ሳይገብር የኖረ የብቸና አርበኛ ነበር። አብሮት የተሰቀለው ማሞ የተባለው መኳንንት ደግሞ በዚያው ዘመን ከራስ ኃይሉ ተክለሃይማኖት ጋር ሆኖ ለጣልያን ያደረ ሰው ነበር። ቅጣቱን ያስፈጸመው መንግሥት በበኩሉ ያንን ጊዜ በስደት ባሳለፉ ሰዎች የሚመራ ነበር። አርበኛ፣ ባንዳና ስደተኛ በአንድ አደባባይ ተገናኙ ማለት ነው።

እነዚህ ሦስት ቃላት ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የኢትዮጵያን ፖለቲካ ለረጅም ጊዜ ሲያምሱ ኖረዋል። ማን አገር ውስጥ ቀረ? ማን ወጣ? ማን ለጠላት ገባ? ለሹመት፣ ለርስትና ለክብር የሚቀርበው ክርክር ሁሉ መነሻው ይኸው ነበር። ዛሬ በየአገሩ ስለ ስደተኛና ስለ መጤ የሚያወሩ ፖለቲከኞች የሕዝብን ስሜት እንዴት እንደሚቆሰቁሱ ሲነገር የአውሮፓና የአሜሪካ ምሳሌ ይበዛል። የእኛን ለማየት ግን ከብቸናና ከሞጣ መራቅ አያስፈልግም። የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ሕይወት በቂ ነው።

ከዓባይ ወዲህና ወዲያ

በላይ የተወለደው በ1904 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ዘለቀ ላቀው፣ እናቱ ጣይቱ አሰኔ ይባላሉ። የወሎ ቦረና ሰዎች ጫቃታ የተወለደ ልጃችን ነው ይላሉ። የብቸና ሰዎች ደግሞ የለምጨን ልጅ ነው ይላሉ። ለሁለቱም ወገን ምክንያት አላቸው፤ ቤተሰቡ ከሁለቱም ወገን ነውና። በመካከላቸው ያለው የዓባይ በረሃ ነው።

ይህን በረሃ ያየ ሰው ሁለቱን አገር የሚለያይ ግንብ ሊመስለው ይችላል። ነዋሪው ግን ሲሻገረው ኖሯል። ነጋዴው አሞሌውንና ፈረሱን ይዞ ይሻገራል፤ ዘመድ ለጋብቻ ይሻገራል፤ ሰው የገደለ ደመኛውን ፈርቶ ይሻገራል፤ ከጌታው የተጣላ አሽከርም ሌላ ጌታ ፍለጋ ይሻገራል። ከሁሉም በላይ የቆሎ ተማሪው አለ። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም ቅኔና መጻሕፍት ለመማር ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ የሚመጣው ልጅ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል። ከየት መጣህ የሚለው ጥያቄ ይጠየቃል፤ ግን ውጣልን የሚያሰኝ ጥያቄ አልነበረም። እንዲያውም ሩቅ አገር ሄዶ ያልተማረ መምህር ሙሉ አይባልም ነበር።

የበላይ አባት ዘለቀ የልጅ ኢያሱ አንጋች ነበር። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ተከታዮቻቸው በየአገሩ ተበተኑ፤ ዘለቀም ወደ ዘመዶቹ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከአካባቢው ሹማምንት ጋር ተጋጨና ተገደለ። በላይ ያኔ ገና ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ የልጅነት ዘመኑ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሲሉ፣ በዘመድ ተጠግቶ፣ የአባቱን ደም እያሰበ ያለፈ ነው። ሲጎለምስ ሸፈተ። ተኩስ ያወቀውም፣ በረሃውን መግቢያና መውጫውን ያጠናውም በዚያን ጊዜ ነው። አባ ኮስትር የሚለው የፈረስ ስሙ ኋላ ሲገን፣ ከስሙ ጀርባ ያለው ሰው ርስት የሌለው፣ የመኳንንት ዘር ያልሆነ፣ ከሁለት አገር የተወለደ የባላገር ልጅ ነበር።

ንጉሡ ሲሰደዱ

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከዚያም በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ አገር ገብተው ባዝ ከተማ ተቀመጡ። ከሳቸው ጋርና ከሳቸው በኋላ በርካታ ሰዎች ተሰደዱ። ከፊሉ ኢየሩሳሌም፣ ከፊሉ ሱዳን፣ ከፊሉ ጅቡቲ፣ ከፊሉም ኬንያ ገባ። በኬንያ ስደተኞቹ በአጥር ግቢ ካምፕ ውስጥ ነበሩ። ጣልያን እየያዘ ወደ አገሩ የላካቸውም አሉ። ኋላ ፍቅር እስከ መቃብርን የደረሱት የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተማርከው ጣልያን አገር ታስረው የኖሩ ናቸው። ስደት የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ በአንድነት ይጠቀልላል።

ጣልያን ይህን ስደት በደንብ ተጠቀመበት። ንጉሣችሁ ጥሏችሁ ሸሸ የሚለው ስብከት በየአውራጃው ተነዛ። የተፈለገው እንዲያፍሩ ነው። ሰው በመሪው ካፈረ የሚዋጋለት አያጣም ወይ? ይህ አንዱ መንገድ ነበር። ሁለተኛው መንገድ ጥላቻ ነው። ጣልያን አገሪቱን በዘር ከፋፍሎ ሲያስተዳድር፣ በደቡብና በምዕራብ ያለውን ሕዝብ ከሰሜን መጥተው በሰፈሩት ነፍጠኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ አነሣሣ። በእነዚያ አካባቢዎች የመሬትና የገባርነት በደል እውነተኛ ነበር፤ የውሸት በደል ቢሆን ኖሮ ቅስቀሳው አይያዝም ነበር። ጣልያን ግን በደሉን ለመጠገን ሳይሆን አገሩን ለመያዝ ነበር የፈለገው። ከባለ ጠመንጃው ጋር ምንም ያልበደሉ ሴቶች፣ ሕፃናትና ደሃ ሰፋሪዎችም ከኖሩበት ተፈናቀሉ፤ ሞቱም።

ለጎጃም የተዘጋጀው ስብከት ሌላ ነበር። ጎጃም በራሱ ንጉሥ የኖረ፣ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ንጉሥ ተክለሃይማኖት በምኒልክ ከተማረኩ በኋላ የሸዋን የበላይነት ሳይወድ የተቀበለ አገር ነው። ልጃቸው ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከግዛታቸው ተነሥተው ሲታሰሩ በቦታቸው የሸዋው ራስ እምሩ ተተኩ። ጣልያን ከእስር የወጡትን ራስ ኃይሉን ይዞ፣ ጎጃምን ለባለቤቱ እመልሳለሁ የሚል መልክ ለመያዝ ሞከረ። ባላገሩ ግን ጥያቄው ሌላ ነበር። ጣልያን በ1929 እና በ1930 ዓ.ም. ጠመንጃ ከየቤቱ መልቀምና የአገር ሽማግሌና ባላባት ማሰርና መግደል ሲጀምር ጎጃም ተነሣ። የጠመንጃ ነገር በጎጃም የቤትና የርስት ነገር ነው።

የብቸናው ጌታ

በላይ የተነሣው በጥቂት ሰዎች ነው። በየጊዜው ጣልያንን እያጠቃ ጠመንጃ አገኘ፤ ጠመንጃው ሰው አመጣለት። ብቸና፣ ሞጣና ደብረ ማርቆስ ጣልያን ምሽግ ሠርቶባቸው ነበር። ከምሽጉ ውጭ ያለው ገጠር ግን አብዛኛው በአርበኞች እጅ ነበር። በብቸና አውራጃ፣ ወደ ሞጣ በኩልና ከዓባይ ማዶ በወሎ ቦረና የበላይ ትእዛዝ ይሠራ ነበር። ዳኛ ሾመ፤ ግብር አስገባ፤ ሌባ ቀጣ። ለተከታዮቹም ከፊታውራሪ እስከ ራስ ድረስ ማዕረግ ሰጠ። ለራሱ ግን ማዕረግ አልጨመረም፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ከሁሉ በላይ እንደሆነ ተናገረ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል።

ይህ ነገር ለባላገሩ ኩራት፣ ለመኳንንቱ ንቀት ሆነ። በጎጃም ከጣልያን ጋር የተዋጉ ሌሎችም ነበሩ። ከንጉሥ ተክለሃይማኖት ቤት የሚወለዱት ኃይሉ በለውና ነጋሽ በዛብህ፣ እንዲሁም መንገሻ ጀምበሬ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጦርና አገር ነበራቸው። በጋራ ጠላት ላይ ቢነሡም እርስ በርስ የወሰንና የክብር ጠብ አልጠፋም። አባቱ ያልታወቀ፣ ከማዶ የመጣ ሰው እንዴት ራስ ይሾማል? የሚለው ሐሜት በላይን ተከትሎታል። ከማዶ የመጣ የሚለው ክስ ባላገሩን ግን አላሳመነም፤ በረሃውን ተሻግሮ መምጣት ለባላገሩ ነውር አልነበረምና።

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባ። ከመልእክተኞቹ መካከል አንዱ ከስደት የተመለሱት ከበደ ተሰማ ነበሩ። ከዚያ በፊትም ሎሬንዞ ታእዛዝ ከአውሮፓ ተነሥተው በድብቅ ገብተው አርበኞችን አነጋግረው ነበር። ስደተኛ ሁሉ ተቀምጦ አልጠበቀም ለማለት ይህ በቂ ማስረጃ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ አገር ገቡ፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። የሞጣ ምሽግም በዚያው ሰሞን ተለቀቀ።

በእነዚያ ቀናት በበላይ ስም ላይ ጥላ የጣለ ነገር ተፈጠረ። ከደብረ ማርቆስ የወጣው የጣልያን ጦር በእሱ ግዛት በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሲያመልጥ በላይ መንገዱን አልዘጋም። በዘመቻው የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ምክንያቱን ለራስ ኃይሉ ሰጥተውታል፤ ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ገብተውለት ነበር ይላሉ። ወዳጆቹ ይህን አይቀበሉም። እውነት ከሆነ ግን የበላይን ቁስል ያሳያል። አምስት ዓመት ታግሎ ያገኘውን ክብር የመኳንንት ቤት ጋብቻ እንዲያጸናለት የፈለገ ሰው ነበር ማለት ነው።

ተመላሾቹ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ከድሉ ማግሥት የሹመት ጥያቄ መጣ። የመንግሥት ሥራ የሚያውቅ፣ ቋንቋ የተማረ፣ ከእንግሊዞች ጋር የሚነጋገር ሰው ያስፈልግ ነበር። ጽሕፈት ሚኒስቴርን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በስደት የቆዩት ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ያዙ። አገር ግዛትን በኢየሩሳሌም በስደት የነበሩት መኮንን እንዳልካቸው ተሾሙበት። ለጣልያን ያገለገሉም ብዙዎች ምሕረት አግኝተው በሥራ ላይ ተቀመጡ። ከአርበኞችም እንደ ራስ አበበ አረጋይ ያሉ ታላላቆች ተሾመዋል። ነገር ግን በየበረሃው የቀረው ብዙ ነበር።

በላይ ደጃዝማች ተብሎ ብቸናን እንዲገዛ ተሾመ። ብቸናን ድሮም ይገዛ ነበር። በአምስቱ ዓመት እሱ የሾማቸው ራሶች እያሉ እሱ ደጃዝማች ሆነ። ተፎካካሪዎቹ ግን በለጡት፤ ጠቅላይ ግዛቱም ለራስ ኃይሉ በለው ተሰጠ። ቁጭቱ ከዚህ ይጀምራል።

የቁጭቱን አሠራር ልብ ብለን እንየው። በላይ የተከፋው በተወሰነ ነገር ነው፤ በማዕረግና በግዛት። ይህ በድርድር ሊፈታ የሚችል ጉዳይ ነበር። በዙሪያው የነበሩ ሰዎች ግን ጉዳዩን ወደ ትልቅ ስሜት ለወጡት። አንተ በረሃ ስትደማ እነሱ በሰው አገር ሲንደላቀቁ የኖሩ ናቸው የሚል ወሬ ተነዛ። ካምፕ ውስጥ የነበረው፣ እስር ቤት የነበረው፣ በሱዳን በረሃ መልእክት ሲያመላልስ የነበረው ሁሉ ስደተኛ በሚል አንድ ስም ተጠቀለለና ጠላት ሆነ። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ያሉት ለንጉሠ ነገሥቱ በላይ ራሱን ንጉሥ አድርጓል፣ ነገ ይወጋዎታል እያሉ ያስፈሩ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ፍርሃት፣ ከብቸናው ቁጭት ተነሣ። በመካከል ሆነው ወሬውን የሚያመላልሱት ሰዎች ከሁለቱም ወገን ይጠቀሙ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1944 ነፃ ስትወጣ ከለንደን በተመለሱት የጄኔራል ደ ጎል ሰዎችና አገር ውስጥ ሆነው ጀርመንን በታገሉት መካከል ሥልጣን ያጋፈጠ ክርክር ተነሥቷል። የወጣውና የቀረው ሲገናኙ እያንዳንዱ የራሱን መከራ ያውቃል፤ የሌላውን ግን በወሬ ነው የሚሰማው። ወሬ ነጋዴው የሚገባውም በዚህ ክፍተት ነው።

ሶማ

በላይ ወደ አዲስ አበባ ሲጠራ አልሄደም። ከጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት ጋር የነበረው ጠብ ወደ ተኩስ ተለወጠ። በ1935 ዓ.ም. ሶማ በተባለው አምባ ላይ ሰዎቹን ይዞ መሸገ። ጣልያንን ያሸነፈው በረሃና አምባ ግን በዚህኛው ጊዜ አላዳነውም። የከበቡት የራሱ አገር ሰዎችና የመንግሥት ወታደሮች ነበሩ፤ መንገዱን ያውቁታል። ተዋግቶ መጨረሻ ላይ እጁን ሰጠ። አዲስ አበባ ቀርቦ ሞት ተፈረደበት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ፍርዱን ወደ እስራት ለወጡለት።

ነገሩ በዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር። ነገር ግን ከእስር ቤት ለማምለጥ ሲሞክር ተያዘ። አብሮት የነበረው የራስ ኃይሉ ወገን ማሞ ነበር። ጣልያንን የተዋጋውና ለጣልያን ያደረው በአንድ እስር ቤት ተገናኝተው፣ በአንድ ላይ ለማምለጥ ሞክረው፣ በአንድ ላይ ሞቱ። ወንድሙ እጅጉ ዘለቀም አብሮ ተሰቀለ። በላይ ሲሞት ዕድሜው 33 ገደማ ነበር።

ስቅላቱ ስሜቱን አልቀበረውም። እንዲያውም ለቁጭት ነጋዴዎች ትልቅ ዕቃ ሰጣቸው። ገና ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ የንጉሡን መሰደድ የተቃወሙት ደጃዝማች ታከለ ወልደ ሐዋርያት በተደጋጋሚ ታስረው በ1962 ዓ.ም. ከመንግሥት ወታደሮች ጋር ሲታኮሱ ሞቱ። ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ በ1943 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አሢረዋል ተብለው ታሰሩ። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ሞጣና ብቸና እንደገና ሸፈቱ። መንግሥት ወታደርና አውሮፕላን ላከ። የባላገሩ ፍርሃት ርስቱን መነጠቅ ነበር፤ ቅሬታው ደግሞ ከሸዋ በመጡ ሹማምንት ላይ ያነጣጠረ ነበር። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ የተጠራቀመው ግብርም ተማረ። ይህኛው ቁጭት ከበላይ ጊዜው የተሻለ ውጤት አገኘ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጥያቄው ግልጽ ነበር። ስለ ግብር ነበር፤ ግብሩ ሲነሣ ጠቡ በረደ።

ቁጭት ሲነገድ

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። በ2004 ዓ.ም. ከቤንች ማጂ ዞን ጉራፈርዳ ወረዳ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በሺዎች የሚቆጠሩ የአማራ ተወላጆች ሲፈናቀሉ የተነገራቸው ምክንያት መጤ ናችሁ የሚል ነበር። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከጎጃም የሄዱ ገበሬዎች ናቸው። መሬት ጠቧቸው የሄዱ፣ ጫካ መንጥረው ያረሱ፣ ልጅ የወለዱ ሰዎች ነበሩ። በአካባቢው ያለው ነባር ሕዝብ ስለ ጫካውና ስለ መሬቱ ያለው ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ግን ስጋቱን የሚመልሰው የመሬት ሕግና ፍርድ ቤት ነው፤ ባለሥልጣኑ ደግሞ አቋራጩን መርጦ ሰው አባረረ። በ2005 ዓ.ም. የተፈናቀሉትን በተመለከተ ባለሥልጣናቱ ኋላ ስህተት መሆኑን ማመናቸው አልቀረም።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ደግሞ ሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን ኢትዮጵያውያን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ሰዎች ተመለሱ። እዚያም የተባለው ያው ነው፤ ሥራችንን ወሰዱ፣ ወንጀል አበዙ። በ2010 ዓ.ም. ከውጭ የፖለቲካ ስደተኞች ሲመለሱ የ1933ቱ ክርክር እንደገና ተሰማ። እስር ቤት የቆየው ከውጭ የመጣውን፣ ከውጭ የመጣው አገር ውስጥ የቀረውን በጥርጣሬ አየው። ሁሉም የራሱን መከራ እንደ ብድር ወረቀት ይዞ ሥልጣን ጠየቀበት።

ከበላይ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ስሜት በፖለቲካ ውስጥ አይግባ የሚል አይደለም። ቁጭት ባይኖር ብቸና ለጣልያን ይገብር ነበር። ጥያቄው ቁጭቱ ወዴት ይመራል ነው። የበላይ ቁጭት በጣልያን ምሽግ ላይ ሲሆን አገር አዳነ። ስደተኛ በሚባል ስም በሌለው ሕዝብ ላይ ሲሆን ግን መዳረሻ አጣ፤ ምን ሲደረግለት እንደሚበርድ ባለቤቱም አያውቀውም። ፖለቲከኛ ስለ መጤና ስለ ስደተኛ ሲነግረን ልንጠይቀው የሚገባው ይህንን ነው። የጎደለን ምንድን ነው? መሬት ነው፣ ሥራ ነው፣ ሹመት ነው? ሰዎቹ ቢሄዱ ያ ነገር ይሟላል ወይ? መልስ ከሌለው የሚፈልገው ስሜታችንን ብቻ ነው።

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራል። አዲስ አበባም በስሙ መንገድ አላት። በሕይወቱ ሳለ ከማዶ የመጣ ብለው ያሙት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ የእኛ ነው ይላሉ፤ ወሎም ጎጃምም ይሻሙበታል። የሞተ ሰው ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም። በሕይወት ላሉት ግን ጥያቄው እንደቀጠለ ነው። ከብቸናና ከሞጣ በየዓመቱ ወደ ሌላ ክልል፣ ወደ መተማ፣ ወደ ዐረብ አገር የሚወጡት ወጣቶች በደረሱበት ሁሉ ይጠየቁታል። ወደ እኛ የመጣውን ስንጠይቅ ይህን ማስታወስ ይገባናል።